ዐም ረመዳን ለመምረጥ በሄዱበት ቀን

ይህን ነገር በአማርኛ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ሚዜ ለሆንኩላት ለጓደኛዬ ለጽጌ አልነገርኩም። በየሳምንቱ ደውላ "ደህና ነሽ?" ለምትለኝ እህቴም አልነገርኩም። በተሰባበረው ዐረብኛዬ ብቻ፣ ለአንድ ሽማግሌና ለቤተሰባቸው ተናግሬዋለሁ፤ እሱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ። በገዛ ቋንቋዬ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በሰው አገር ቋንቋ ሲሉት ነገሩ ቀለል ይላል፤ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ ይመስላል። በአማርኛ "አቃጠልኩ" ስል ግን ምን እንዳልኩ ጆሮዬ ያውቀዋል።

አቃጠልኩ። የተምር እርሻ አቃጠልኩ። ክብሪቱን የጫርኩት በእነዚህ በሁለቱ እጆቼ ነው። ሌላ ሰው ሲጠየቅበትም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ከሁለቱ የቱ ይብሳል? እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ፍርዴን ከሰጠሁ ቆይቻለሁ።

ስሜ የሺ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ ብርድ አገር ነው። ካይሮ የመጣሁት በሰው ቤት ልሠራ ነው፤ ኒው ካይሮ፣ በአጥር ከታጠሩት ቪላዎች በአንዱ፣ መዳም ናዲያ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ይቆጣሉ እንጂ አይሳደቡም፤ እንደ ብዙዎቹ መዳሞችም ስሜን ለአፋቸው እንዲመች ብለው አልቀየሩብኝም። ይህን የምለው በኋላ "ፈርቼ ነው" ስል እንዳያምኑኝ ነው።

አብዮቱ ሲነሳና ፖሊስ ከየመንገዱ ሲጠፋ፣ የመዳም ልጅ እናቱን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ከአገር ወጣ። እኔን ባዶ ቪላ ውስጥ ብቻዬን ጥለውኝ መሄድ ስላልፈለጉ፣ ጊዛ ዳርቻ ወዳለው የተምር እርሻቸው ላኩኝ። "ከረመዳን ቤተሰብ ጋር ሁኚ፤ እሱ ባለበት ማንም አይነካሽም" አሉኝ። እሳቸው ከተመለሱም በኋላ እኔ እዚያው ቀረሁ። የእርሻውን ቤት አጸዳለሁ፤ እንግዳ ይዘው ሲመጡ አበስላለሁ።

ዐም ረመዳን የእርሻው ዘበኛ ነበሩ። "ዐም" እኛ "ጋሼ" እንደምንለው ነው። ከላይኛው ግብፅ በጎረምሳነታቸው የመጡ፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። ከሚስታቸው ከኡም ሳብሪን፣ የሳብሪን እናት ማለት ነው፣ ከልጃቸው ከሳብሪንም ጋር በበሩ አጠገብ ባለች የጭቃ ጡብ ቤት ይኖሩ ነበር። ሳብሪን ታጭታለች። ጋሙሳ የሚሏትን ጥቁር ጎሻቸውን የሚያደልቡትም ለእሷ ሰርግ ነበር፤ ጋሙሳዋ ተሸጣ ለሙሽሪት የቤት ዕቃ ልትሆን።

ካይሮ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከተማው ይናወጣል፤ በቴሌቪዥን ሰልፍና ታንክ ይታያል፤ እኛ ግን ከተምሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ባቄላ እንፈለፍላለን። ዐረብኛ ያስተማሩኝ ኡም ሳብሪን ናቸው። ሳብሪን ደግሞ እኔን እየሰማች "እሺ" እና "በቃ" ማለት ለምዳ አባቷን በአማርኛ ታዝዝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤተሰቤ ሆነው ነበር። የማያውቁኝን ሰዎች አይደለም የበደልኩት።

በእርሻው እሳት የተለመደ ነገር ነው። ዐም ረመዳን በየዓመቱ በብርዱ ወራት፣ በጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የወደቀውን የተምር ቅጠል ሰብስበው ያቃጥሉት ነበር። አካፋ በእጃቸው፣ ሁለት ባልዲ ውሃ በጎናቸው። አብሬያቸው ቆሜ አይቻለሁ። አመዱ እስኪቀዘቅዝ ንቅንቅ አይሉም።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ሁሉ ተዛነፈ። ብርዱ መጣ ሳይባል ሄደ፤ ጤዛም አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛፍ ላይ ወጥተው የደረቀውን ቅጠል የሚቆርጡት ሠራተኞች በግርግሩ ምክንያት ቀሩ፤ ስለዚህ የየተምሩ ግንድ ድርቅ ያለ ቅጠል እንደ ቀሚስ ለብሶ ቆመ። በእርሻው ዳር የሚያልፈው ቦይ ውሃው ወርዶ ሸንበቆው በቁሙ ደረቀ። ከበረሃ የሚመጣው ኸማሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስም እንደ ድሮው ጊዜውን ጠብቆ አይመጣም፤ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ አለቀ ሲባል ይመለሳል። ዐም ረመዳን ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ "ይሄ እኔ የማውቀው አየር አይደለም" ይሉ ነበር። ጭስ ማየት አስጠላቸው። ቅጠሉን ማቃጠል ትተው በአህያ ጋሪ እያወጡ ራቅ ካለ ባዶ ሜዳ ላይ ይከምሩት ጀመር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ልበል? ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛልም።

ከአብዮቱ በኋላ የመጀመሪያው የፕሬዝዳንት ምርጫ ደረሰ። ዐም ረመዳን ከሳምንት በፊት ጀምረው እንደ ልጅ ቁጭ ብድግ አሉ። "ስድሳ ዓመቴ ነው፤ ማንን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም" ይሉ ነበር። ያን ቀን የሚለብሱትን ጀላቢያ የተኮስኩላቸው እኔ ነኝ። ምርጫው ያለው ራቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሰልፉም ረጅም ነው ተባለ። ኡም ሳብሪንና ሳብሪንም በሴቶቹ ሰልፍ ሊቆሙ አብረው ወጡ። ዐም ረመዳን በሩ ላይ ደርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"የሺ፣ ልጄ፣ ዛሬ ውጭ እሳት እንዳትነኪ። ንፋሱ ከበረሃ ነው።"

"እሺ ዐም ረመዳን።"

እሺ አልኩ። ይህን ልብ ይበሉልኝ። እሺ ብዬ ነው ያደረግኩት።

ለምን አደረግኩት? እዚህ ላይ ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። የለኝም። በማግስቱ የጽጌ ሰርግ ነበር፤ ፋይሰል በሚባል ሰፈር፣ እሷና እጮኛዋ በተከራዩት ቤት ጣሪያ ላይ። እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ። በአስር ሰዓት ሹሩባ ሠሪዋ እዚያ ትመጣለች፤ ከዘገየሁ ጠጉሬን ሳልሠራ ልቆም ነው። መዳም ደግሞ በጠዋት ደውለው "እንግዶች አሉኝ፤ ጓሮው ያለው የቅጠል ክምር ሳይነሳ እንዳትሄጂ" ብለውኛል። በጋሪ ላመላልሰው ብል እስኪመሽ አያልቅም። ክምሩን አየሁት። ሰዓቴን አየሁ። "ኸላስ፣ በቃ" አልኩ ለራሴ፣ "ዐም ረመዳን ሲያቃጥሉት ሰንብተው የለ?"

ለሹሩባ ነው። ለጠጉሬ ነው ያን ሁሉ ያቃጠልኩት።

ቀትር አልፏል፤ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። አንድ ክብሪት በቃው። ለጥቂት ደቂቃ ክምሩ ረጋ ብሎ ነደደ፤ እንዲያውም ብልህነቴ ገርሞኝ ሻንጣዬን ላዘጋጅ ገባሁ። ባልዲ አልሞላሁም። አካፋ አልያዝኩም። ስመለስ ንፋሱ የሚነደውን ቅጠል እያነሳ እየወረወረ ነው። አንዱ ሸንበቆው ውስጥ ሲገባ አየሁት። ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ጨርቅ የሚቀድ ይመስል ነበር። ሸንበቆው ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ከዚያ የመጀመሪያው ተምር፣ በዚያ በደረቀ ቀሚሱ፣ ከሥሩ እስከ ራሱ ባንዴ ቦግ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው።

በባልዲ ሮጥኩ። ምን ዋጋ አለው? ሁለት ባልዲ ረጨሁና ፊቴ ሲጋይ ወደ መንገዱ ሸሸሁ። የጎረቤት ገበሬዎች አካፋ ይዘው መጡ። ሳብሪን ጭሱን ከሩቅ አይታ ከሰልፉ እየሮጠች ደረሰች፤ ጫማዋ ወልቆ ቀርቷል። በቀጥታ ወደ ጋሙሳዋ ሄደች። ገመዱ ላይ ሳትደርስ ጭሱ መለሳት፤ እንደገና ስትገባ ሁለት ሰዎች ወገቧን ይዘው ጎተቷት። ጋሙሳዋ ስትጮህ ሰማን። ከዚያ ዝም አለች።

ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ብቻ በንጹሕ ልብ እላለሁ። የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ ግን እርሻው ጥቁር ግንድ ብቻ ነበር፤ በበሩ አጠገብ ያለችው ቤትም ግድግዳዋ ቀርቷል።

ዐም ረመዳን መጨረሻ ደረሱ። የተኮስኩላቸው ጀላቢያ ንጹሕ ነው፤ ጣታቸው ላይ የምርጫው ቀለም አለ። በሩ ላይ ቆመው አዩ። አልጮሁም፤ አልሮጡም። በቀለም የተነከረውን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ቆሙ።

ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። አንዱ "ባልታጊያ ናቸው" ይላል፤ በዚያን ጊዜ ለጠፋው ሁሉ የሚወቀሱት ወሮበሎች። ሌላው "የእነ እንትና ደጋፊዎች ናቸው፣ ምርጫውን ሊያውኩ ነው" ይላል። አንድ ፖሊስ መጥቶ ወረቀት አወጣና እኔን ጠየቀኝ።

"ምን አየሽ?"

"ምንም። ተኝቼ ነበር። ጭስ ሸትቶኝ ነቃሁ።"

አለቀ። ይህችው ናት። ከዚያ በኋላ መዳም ናዲያ ደረሱ። እርሻው የሟች ባላቸው መታሰቢያ ነበር። እያለቀሱ ዐም ረመዳንን እንዲህ ሲሏቸው እኔ ከሁለቱ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ፦

"ሃያ ሁለት ዓመት አመንኩህ፤ አንተ በሬን ጥለህ ለመምረጥ ሄድክ?"

ዐም ረመዳን አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ቃል አልመለሱም። እኔም አልመለስኩም።

ያን ዕለት ፋይሰል ሄጄ ሹሩባዬን ተሠራሁ። አዎ፣ ሄድኩ። ሠሪዋ "ጠጉርሽ ጭስ ጭስ ይላል" አለችኝ። "እርሻ ነው የምኖረው" ብዬ ሳቅኩ። በማግስቱም ጨፈርኩ። የሰርጉ ፎቶ ላይ አለሁ፤ ከሙሽሪት በላይ ጥርሴ ይታያል።

ከሰርጉ ስመለስ ዐም ረመዳን ከሥራ ተባረው፣ የተረፈውን ዕቃ በሰው መኪና እየጫኑ አገኘኋቸው። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ የሳብሪን ሻንጣ። ልሰናበታቸው ስጠጋ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ተኝተሽ ሳለ ቢደርስብሽ ኖሮ በምን ዓይኔ እኖር ነበር?"

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! ያኔ ብቻዬን ትተውኝ በመሄዳቸው መስሎኝ ነበር። "ማሌሽ ዐም ረመዳን" አልኳቸው። ማሌሽ፣ ምንም አይደል! ይህች ቃል ከአፌ እንዴት ወጣች? እርስዎ እዚያ ቆመው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?

ፈርቼ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ያለፈበት ነው፤ እታሰራለሁ፣ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ግን ፍርሃት ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት ይሆናል። ለዓመታት ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ስለተመቸኝ ነው።

መዳም እርሻውን ሸጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እኔ ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ በየቤቱ በቀን ሥራ ኖርኩ። በቀጣዩ ዓመት አገሩ እንደገና ሲናወጥና ሰዓት እላፊ ሲታወጅም እዚያው ነበርኩ። እየቆየሁ ስሄድ አንድ ሰበብ አገኘሁ፤ ጥሩ ሰበብ። በቴሌቪዥን የዓለም አየር እየተለወጠ ነው ይላሉ፤ በዚህ አገር ጫካ ነደደ፣ በዚያ አገር ተራራ ተያያዘ፤ ሙቀቱ ነው፣ ድርቀቱ ነው። እያየሁ ልቤ ያርፍ ነበር። ይኸው፣ ዓለም በሙሉ እየነደደ አይደል? እኔ ያደረግኩት ዐም ረመዳን በየዓመቱ የሚያደርጉትን ነው፤ የከፋው ዓመቱ ነው፣ አየሩ ነው። በዚህ ሰበብ ዓመታት ተኛሁ። ከእንቅልፍም ጥሩ እንቅልፍ።

የቀሰቀሱኝ ዶክተር ሸውቂ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በአየር ትንበያ ሥራ ያሳለፉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ኒው ካይሮ ልጃቸው ቤት እሳቸውን ለመንከባከብ ተቀጠርኩ። በየቀኑ ቀትር ላይ በረንዳ ወጥቼ የሙቀት መለኪያውንና የአየሩን እርጥበት የሚያሳየውን መሣሪያ አነብላቸዋለሁ፤ ቀጥዬም እሳቸው እየነገሩኝ በደብተራቸው እጽፋለሁ። የዐረብኛ ቁጥር የተማርኩት በዚያ ነው። ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸውም ለሚጠይቃቸው ሰው ማስረዳት ይወዳሉ።

አንድ ቀን ቁጥሩ ያስደነግጥ ነበር፤ ኸማሲኑ ያለጊዜው መጥቷል። ዶክተር ቁጥሩን ሲሰሙ "ዛሬ አንድ ቦታ እሳት ይነሳል" አሉ። እኔም ነገሩን በሌላ ሰው አሳብቤ አወጣሁት።

"አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች፤ በእንዲህ ያለ ቀን የተምር ቅጠል ስታቃጥል እርሻ ተቃጠለባት። የአየር ለውጥ ያመጣው ነው አይደል፣ ዶክተር?"

ረጋ ብለው አስረዱኝ። ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይጠማል፤ ከቅጠሉም ከአፈሩም ውሃውን ይመጥጣል። አባታቸው በጫማቸው ረግጠው ያጠፉት የነበረ እሳት አሁን ሜዳ ይዞ ይሮጣል። ቅጠል ያለ ስጋት የሚቃጠልባቸው ቀናት እያነሱ ነው፤ ደግሞ ጊዜያቸውን ይቀይራሉ፤ ስለዚህ አያቱ ያቃጥሉበት በነበረው ወር የሚያቃጥል ገበሬ ይሳሳታል፣ ጥፋቱም ሁሉ የእሱ አይደለም። ይህን ሲሉ ልቤ ዘለለ። ነጻ ወጣሁ!

"ግን" አሉ ዶክተር፣ "የአየር ለውጥ ክብሪት አይጭርም፣ የሺ። እሳቱን ያገዝፈዋል እንጂ አይለኩሰውም። ሴትየዋ አየሩ እንደተለወጠ ታውቅ ነበር? አትንኪ ያላት ሰው ነበር?"

"ነበር" አልኩ።

"እንግዲያው ማወቋ ይበልጥ እንድትጠነቀቅ ነበር።"

ደብተሩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰበቤ ተወሰደብኝ። የተረፈኝ ክብሪቱ ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ የማፍርበትን ልንገርዎት። ኡም ሳብሪን የት እንዳሉ አውቅ ነበር። ቡላቅ አል-ዳክሩር ገበያ፣ እኔ ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ጎመንና ሎሚ ዘርግተው ይሸጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እያየኋቸው በሌላ መንገድ ስዞር ኖሬያለሁ። ያን ሳምንት በፊት ለፊት ሄድኩ። ሲያዩኝ ሎሚያቸውን በትነው ተነስተው አቀፉኝ። "የሺ! ሞተሻል ብለን ነበር!" ዐም ረመዳን ከጊዛ ወጣ ብሎ በሚገኝ ችግኝ ጣቢያ እንደሚሠሩ ነገሩኝ።

ዓርብ ጠዋት ማይክሮባስ ይዤ፣ ከዚያ ቶክቶክ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። ጎብጠዋል፤ ጢማቸው ነጥቷል። ከጥላ መረቡ ሥር ትንንሽ የተምር ችግኞችን ውሃ ያጠጣሉ። ኡም ሳብሪን አብረዋቸው ነበሩ፤ ወንበር ሊያመጡልኝ ወደ ጎጆው ገቡ። ሰላምታውን ሳልጨርስ ተናገርኩት። ካዘገየሁት እንደማልናገረው አውቃለሁ።

"ዐም ረመዳን፣ እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ።"

ዐረብኛዬ የተበላሸ መሰላቸው። "ምን አልሽ?"

ደገምኩት። ክምሩን፣ ክብሪቱን፣ ተኝቼ እንዳልነበርኩ፣ ሁሉንም።

"ከየት ነው የተነሳው?"

"ከጓሮ።"

"ከበሩ አይደለም?"

"አይደለም፣ ዐም ረመዳን። ከጓሮ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

የውሃውን ቱቦ ጣሉት። የተገለበጠ ሸክላ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ። ያን ቀን፣ አሉኝ ቆይተው፣ በሩን ሲዘጉ ሲጋራ እያጨሱ ነበር። ተጣድፈው ነበር። የት እንደጣሉት፣ ይርገጡት አይርገጡት ትዝ አይላቸውም። እኔን "እሳት እንዳትነኪ" ብለው ራሳቸው ሲጋራቸውን ደረቅ ሣር ላይ የወረወሩ መስሏቸው ነበር እነዚያን ሁሉ ዓመታት። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም። በምርጫም ድምፅ አልሰጡም። ሁለት ጊዜ ሌላ እርሻ ጠብቅ ተብለው "እኔ የሚታመን ሰው አይደለሁም" ብለው እምቢ አሉ።

እኔ የወሰድኩባቸው ሥራቸውን መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ "ሥራቸውን አሳጣኋቸው፣ ቤታቸውን አሳጣኋቸው" እያልኩ ስቆጥር፣ ትልቁን አላየሁትም። በገዛ ራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ነው የወሰድኩት። አንዲት አረፍተ ነገር፣ ያን ዕለት፣ ትበቃቸው ነበር።

ድንገት ብድግ ብለው እንደ ጎረምሳ ጮኹ፦ "ኡም ሳብሪን! ኡም ሳብሪን፣ ነዪ! እኔ አልነበርኩም!"

ኡም ሳብሪን ወንበሩን እንደያዙ ወጡ። ባላቸው ሲነግሯቸው "አንተ እንዳልሆንክማ አውቃለሁ" አሉ። ወዲያው ግን ወንበሩን አስቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሁላችንም እንዳላወቁ አወቅን። ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ነገር እየጠረጠሩ፣ አንድም ቀን አላወሩትም። ዐም ረመዳን እንባቸውን እየጠረጉ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ።

ከዚያ ቁጣው መጣ። ሲመጣ አየሁት።

"ለምን?" አሉኝ።

"ጠጉሬን ልሠራ ቸኩዬ።"

የጣሉትን ቱቦ አነሱ። "ዛሬ ሂጂ" አሉ። "በሚመጣው ዓርብ ነዪ።"

በሚመጣው ዓርብ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዐም ረመዳን መጥረጊያ ሰጡኝና በችግኞቹ መደዳ መሐል ያለውን ደረቅ ቅጠል እንድጠርግ አዘዙኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርቤ እዚያ ነው። ቅጠሉን አናቃጥልም፤ ከትፈን ከአፈር ጋር እንቀብረዋለን፤ ይበሰብስና ለችግኙ ምግብ ይሆናል። ችግኝ ሊገዙ ለሚመጡት ገበሬዎች ሁሉ ዐም ረመዳን ይህን ያስተምራሉ። "ማቃጠያ ቀን ቀርቷል፤ አየሩ ተቀይሯል፤ እናንተም ቀይሩ" ይሏቸዋል። አጠገባቸው ቆሜ ስሰማ የሚናገሩት እኔን ይመስለኛል፤ ግን ወደ እኔ ዞረው አይተውም አያውቁ። ምሳ አብረን እንበላለን። ባለፈው ጊዜ የአካባቢው የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሁን ሲሏቸው እሺ አሉ። ደስተኛ ነኝ ብል አይታዘቡኝ። ደስተኛ ነኝ። ሰው የበደለውን እየጠረገ ደስ ሊለው እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሳብሪን ግን አለች። ጋሙሳዋ ከሞተች በኋላ የእጮኛዋ ቤተሰብ ጊዜ አራዘመ፤ ከዚያም ቀረ። ትወደው ነበር። ኋላ ሌላ አገባች፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። አንዳንድ ዓርብ ትመጣለች። ስታየኝ ሰላም አትለኝም፤ ልጆቿን ይዛ በሌላው መደዳ ትሄዳለች። እኔም "አባቷ ይቅር ካሉኝ፣ እሷም ቀስ እያለች..." እያልኩ ጠበቅኩ። ይመልከቱኝ፤ እንደገና መጠበቅ!

ባለፈው ዓርብ ፊት ለፊት ገጠምን። አልሸሸችም።

"አባቴን ይቅርታ ጠየቅሽው" አለችኝ። "እናቴንም ጠየቅሻት። እኔን አልጠየቅሽኝም።"

እውነቷን ነው። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ቤተሰቡን አንድ ሰው አድርጌ ቆጥሬ፣ የአባቷን ይቅርታ በእሷም ስም ተቀብዬ ነበር። የእጮኛዋን፣ ያን ቀን በጭሱ ውስጥ የሮጠችበትን እግሯን፣ ያን የጋሙሳ ጩኸት ማን ጠየቀላት? መጥረጊያውን አስቀምጬ ስሟን ጠርቼ ጠየቅኳት። ሙቀቱን አላነሳሁም። ንፋሱን አላነሳሁም። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ይቅር በዪኝ" አልኩ።

ልጆቿን አየች። እኔን አየች።

"ገና" አለች።

እርስዎን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። የሚገባትን ጊዜ ያህል "ገና" ልትለኝ መብት ያላት ሴት አለች፤ እኔ መልሷን የማጣደፍ መብት የለኝም።